ከወፍጮ ቤቱ ቁልፍ ጋር የታሰረው ሳንቲም

አባቴ የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ በጠፍር ከአንድ ጠቆር ያለ ሳንቲም ጋር አስሮ ይይዘው ነበር። ሳንቲሙ መሃሉ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ደግሞ አራት ማዕዘን ነው፤ ሰው በትንሽ መሮ የቦረቦረው ይመስላል። በአንዱ ፊቱ ላይ፣ በቀዳዳው ዙሪያ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝና ከግራ አራት ፊደሎች ነበሩበት። በጀርባው ደግሞ ከላይ አንድ ፊደል፣ ከታች አንድ ትንሽ ምልክት። ከፊደሎቹ አንዱንም በከተማችን በነገሌ የሚያነብ ሰው አልነበረም።

ወፍጮ ቤታችን ከገበያው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጦር ሰፈሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። በገበያ ቀን ሴቶች በቆሏቸውን በአህያ ጭነው ከየቀበሌው ይመጡና በሩ ላይ ይሰለፋሉ፤ አህዮቹም እንደ ባለቤቶቻቸው ተራ የያዙ ይመስል ጎን ለጎን ይቆማሉ። የናፍጣው ሞተር ሲነሳ ከመሬቱ ጀምሮ ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል። አባቴ ቅንድቡና የጆሮው ፀጉር ዱቄት ለብሶ በመካከላቸው ይመላለሳል። ሰው ሁሉ እየጮኸ ያናግረዋል፤ እሱ ቀስ ብሎ ይመልሳል። ማታ ወደ ቤት ሲመጣ ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለ፣ ሳንቲሙ ከቁልፉ ጋር ሲጋጭ እሰማና ሮጬ በሩን እከፍትለት ነበር።

የእናቴ ቤተሰቦች ነጋዴዎች ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ አያቴም አጎቶቼም ከሱቅ ጀርባ ተወልደው ከሱቅ ጀርባ ያረጁ ሰዎች ናቸው። እናቴን በኦሮምኛ «አዮ» ነው የምንላት። እሷም ገበያው ውስጥ ሱቅ ነበራት፤ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሽርጥ፣ ሻሽና የላስቲክ ጫማ ትሸጣለች። አባቴ ግን ከሰሜን ሸዋ የመጣ ክርስቲያን ነው። ወታደር ሆኖ ነገሌ ተመደበ፣ ወታደርነቱን ሲተው እዚያው ቀረ፣ ዕድሜው ከገፋ በኋላ እናቴን አገባ። እሷ ሮመዳን ስትጾም እሱም ቀን ቀን እህል አይቀምስም፤ ለፋሲካ እሷ ዶሮውን ትሠራለታለች። በዕድሜ በጣም ይበልጣት ስለነበር አንቱ ነበር የምትለው። ስለ አባቴ ያለፈ ሕይወት እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል፣ ምሳውን ይዤለት ሄጄ ቁልፉን ከተሰቀለበት ምስማር አወረድኩና «አባዬ፣ ይሄ ምን ይላል?» አልኩት።

«እኔም ማንበብ አልችልም» አለኝ።

«ከየት አመጣኸው?»

እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን?» አለኝ። ደገምኩለት። «የሞተሩ ችንጋ ሊወጣ ነው መሰለኝ» ብሎ ወደ ሞተሩ ሄደ። ጆሮው እንደደከመ አውቃለሁ፤ ሲፈልግ ግን አጥርቶ እንደሚሰማም አውቃለሁ። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም። ልጅ ሆኖ ካባት ዝምታ ጋር መታገል ይከብዳል፤ ደግሞም ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር።

አባቴ የሞተው እኔ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ነው። ትንሽ ቀን አተኮሰው፣ ከዚያ ተኛ፣ ከዚያ አልነቃም። ወፍጮውን የገዛው ሰው ሞተሩን ነቅሎ በኤሌክትሪክ ለወጠው፤ በሩ ላይም አዲስ ጓጉንቸር አደረገ። አሮጌው ቁልፍ የሚከፍተው ነገር አጣ። ከእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው «አዮ፣ ልውሰደው?» አልኳት።

«ያባትሽ ኮተት ነው፤ ካማረሽ ውሰጂው» አለችና ወደምታጥፈው ሻሽ ዞረች። ፊቷን አላየሁትም።

ጠፍሩን በጥሼ ሳንቲሙን በቦርሳዬ የውስጥ ኪስ ከተትኩት። የማወቅ ጉጉት የጀመረኝ ያኔ ነው። አባቴ ፎቶ አልነበረውም፤ አንድም። ለቅሶው ላይ ሰዎች «ፎቶው የታለ?» ሲሉ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለችውን ደብዛዛ ጉርድ ነው ያሳየናቸው። ስለዚህ ያቺን ሳንቲም ማወቅ እሱን ማወቅ መሰለኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ጎረቤታችን የነበሩትን ሼኽ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ሳንቲሙን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ይህ ዐረብኛ አይደለም። የክፉ ሰው ጽሑፍም አይመስለኝም፤ አቀማመጡ ሥርዓት አለው» ብለው መለሱልኝ። ቀጥሎ አሥረኛ ክፍል ታሪክ ያስተማሩኝን መምህር ጠየቅኩ። እሳቸው ገና ከሩቅ ሲያዩት «ጃፓን!» አሉ። በምን እንዳወቁ ስጠይቃቸው ትንሽ አሰብ አደረጉና «ታዲያ ሌላ የማን ሊሆን ይችላል?» አሉኝ። ለብዙ ጊዜ የጃፓን ነው እያልኩ ለሰው አወራሁ። «አባትሽን ከጃፓን ጋር ምን አገናኘው?» ለሚለኝ «እሱን ገና አላገኘሁትም» እለው ነበር።

ላገባ ስል ቀለበት ለማሠራት ሻኪሶ ሄድኩ። ዘመድ ያመለከተኝ ወርቅ ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጣቶቻቸው ወፍራም፣ አያያዛቸው ግን እንደ ሐኪም። የቀለበቱን ነገር ከጨረስን በኋላ ሳንቲሙን አወጣሁላቸው።

«ወርቅ ብለሽ እንዳላመጣሽው አውቃለሁ» አሉ ፈገግ ብለው። በጥቁር ድንጋያቸው ላይ ፈተግ አደረጉት። «ናስ ነው። ግን ቆይ።» ወደ ብርሃኑ አወጡትና ጠርዙን በጥፍራቸው ዳሰሱት። «ይሄ በማሽን የታተመ አይደለም። አሸዋ ውስጥ ፈስሶ ነው የተሠራው፤ እኛ እንደምንሠራው። ጠርዙን ደግሞ በሞረድ አስተካክለውታል፤ ይታይሻል ጭረቱ? የሰው እጅ ነው።»

«የት አገር ሰው ይመስልዎታል?»

«አገሩን አላውቅም። ሠሪው ግን ችኩል ነበር፤ አንዱ ፊደል ጎርበጥ ብሏል» አሉ። ከዚያ ቀዳዳውን አሳዩኝ። አንደኛው ጥግ ተበልቶ ክብ ወደመሆን ሄዷል። «ገመድ ነው የበላው።»

«አባቴ ከቁልፍ ጋር አስሮት ነበር።»

«ያንድ ሰው ዕድሜ ጠፍር ናስን እንዲህ አይበላም። ካባትሽ በፊትም በገመድ ሰክቶ የያዘው ነበረ። ብዙ ሰው ይዞታል።»

ነገሌ እስክደርስ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ይህን ነበር የማስበው። እስከዚያ ቀን ሳንቲሙ በአባቴ የጀመረ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከእሱ በስተጀርባ ፊታቸው የማይታየኝ ሰዎች ተሰለፉ።

ከዓመታት በኋላ ፊልቱ ተመድቤ አማርኛ ማስተማር ጀመርኩ። ያኔ የመንገድ ሥራው ወደዚያ ደርሶ ነበር፤ ቻይናዎቹ ከከተማው ወጣ ብለው ሰፍረዋል። አንድ ጠዋት ከእነሱ አንዱ፣ ቀያሽ ነው፣ ወደ ትምህርት ቤታችን መጣ። የመንገዱ ጠርዝ የትምህርት ቤቱን አጥር ስለሚነካ ከርዕሰ መምህሩ ጋር መነጋገር ፈልጓል። ርዕሰ መምህሩ ሶማልኛ ነው የሚቀናቸው፤ ሰውየው ደግሞ የሚችለው የተሰባበረ አማርኛ ነው። እኔን ጠሩኝ።

ሰውየው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ፀሐይ ያከሰለው፣ ትልቅ የገለባ ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው ነበር። ገና ሲያየኝ «አካም! ናጋ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ፤ ነገሌ ሁለት ዓመት ሠርቶ ኖሯል። የአጥሩን ጉዳይ በግማሽ ሰዓት ጨረስን። ሊሄድ ተነሳ። ያንን ሁሉ ዓመት ስፈልገው የነበረ፣ ያንን ፊደል ሊያነብ የሚችል ሰው ፊቴ ቆሟል። «አንድ ጊዜ ይታገሱኝ» ብዬ ሳንቲሙን ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

ባርኔጣውን አወለቀ። ያወለቀው ለማየት ይሁን ለክብር እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ይህ ከየት?»

«የአባቴ ነው።»

ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ በጣቱ እየነካ አነበበ። «ቻንግ፣ ፒንግ፣ ቶንግ፣ ባኦ።» ድምፁን ስሰማ እንባዬ መጣ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያገላብጠው የኖረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«ምን ማለት ነው?»

«ሁልጊዜ... እኩል። ሁልጊዜ ልክ። ከዚያ፣ ገንዘብ፣ የሚዞር ገንዘብ።» ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። «ግን የእኛ አይደለም።»

«ፊደሉ የእናንተ አይደለም እንዴ?»

«ፊደል የእኛ። ገንዘብ የእኛ አይደለም። የእኛ ገንዘብ የንጉሥ ዘመን ስም አለው። እዚህ ንጉሥ የለም።» እርግጠኛ ለመሆን ፈልጎ ሁለቱንም ፊቱን በስልኩ ፎቶ አነሳ። አገር ቤት ያሉት አባቱ የድሮ ሳንቲም ይሰበስባሉ፤ ለእሳቸው ልኮ ይጠይቅልኛል። «የእኔ አባት፣ ያንቺ አባት» አለና ሁለት ጣቶቹን ገጥሞ ሳቀ።

ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን የውሃ ቦቴ መኪና ላይ ተሳፍሮ መጣና ከአጥሩ ውጭ ጠራኝ። ሳይወርድ በመስኮቱ ነገረኝ። «አባቴ አየ። ኮሪያ። የድሮ ኮሪያ። በጣም ብዙ ነበረ፣ ውድ አይደለም፣ እሺ? ግን የኮሪያ።» ውድ እንዳልሆነ ሲነግረኝ ያዘነልኝ ይመስል ነበር። እኔ ግን አልሰማሁትም። ኮሪያ የሚለው ቃል ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ኮሪያ የዘመቱ ወታደሮች እንደነበሩ ማንም ያውቃል፤ ራሴም ለተማሪዎቼ ምንባብ አስነብቤያለሁ። አባቴ ግን ለእኔ ወፍጮ ፈጪ ነበር፤ ወታደርነቱም ከነገሌ የማያልፍ ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነገሌ ገባሁ። ቤት ሳልደርስ ቀጥታ ወደ እናቴ ሱቅ ሄድኩ። ከስግደት ተመልሳ በሩን ገና መክፈቷ ነው፤ ስኳር በወረቀት እየጠቀለለች ነበር።

«አዮ፣ የሳንቲሙን አገር አገኘሁት» አልኳት። «የኮሪያ ነው።»

የስኳር ማንኪያውን ጆንያው ውስጥ ተወችው። ቀና አላለችም።

«አዎ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ባልሽ ይሄን ያህል ዓመት አብሮሽ ኖሮ የት እንደሄደ አታውቂም? አባትሽ ኮሪያ ሄደዋል። ልጅ እግር ሳሉ፣ እኔ ገና ሳልወለድ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ቁጣም ሳቅም አንድ ላይ ነው የመጣብኝ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ስጠይቅ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማንን ጠየቅሽ?» አለች። «ሼኹን ጠየቅሽ። አስተማሪውን ጠየቅሽ። ሻኪሶ ድረስ ሄደሽ ጠየቅሽ። እኔ እዚሁ ነበርኩ።»

እውነቷን ነው። ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ ፊደል ያለበትን ነገር እሷን መጠየቅ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ብትጠይቂኝም እነግርሽ እንደሆነ እንጃ። አመዱንም መናገር ሊኖርብኝ ነው።»

«የምን አመድ?»

ያኔ ነገረችኝ። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን፣ ከጦር ሰፈሩ ወታደሩ ልብሱን እየጣለ ሲበተን፣ የወታደር ቤት ሊፈተሽ ነው ተባለ። ማን እንዳለው አታውቅም፤ ገበያው ነው ያለው። አባቴ ወፍጮ ቤት ነበር። አልጋ ሥር ባለ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሜዳሊያ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀትና ፎቶዎች ነበሩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች። «የትኛው ወረቀት የየትኛው መንግሥት እንደሆነ በምን ልለየው? ሁሉም ማኅተም አለው፤ ሁሉም ፎቶ ላይ ጠመንጃ አለ። አንቺን ጎረቤት ላክሁሽና ሁሉንም ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሜዳሊያውን መጸዳጃ ቤት ጣልኩት።»

ያን ቀን ትዝ አለኝ። ከጎረቤት ስመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሽንኩርት መስሎኝ ነበር።

«አባዬ ምን አለሽ?»

«ማታ ገቡ። ሳጥኑን አዩ፤ ምድጃውን አዩ። ‹ደግ አደረግሽ› አሉኝ። በቃ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ አገር አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።» በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «የፈተሸንም ሰው አልነበረም። ማንም አልመጣም።»

አንዲት ደንበኛ ሻይ ቅጠል ልትገዛ ገብታ ሁለታችንንም አየችና «ምነው፣ ደኅና አይደላችሁም?» አለች። እናቴ «ናጋ፣ ናጋ፣ ደኅና ነን» ብላ ሸጠችላትና ሸኘቻት። ከዚያ ስለ ሳንቲሙ ነገረችኝ። ቁልፉ ላይ ታስሮ አባቴ ጋር ስለነበር ነው የተረፈው፤ ቤት ቢሆን እሱንም ትጥለው ነበር።

ያገኘው እንዲህ ነው። ኮሪያ ውስጥ አንድ የፈረሰ ቤት ግቢ ላይ ምሽግ ሲቆፍሩ አካፋው እንስራ መታ። እንስራው ውስጥ እነዚያ ሳንቲሞች በገመድ እንደተሰኩ ነበሩ፤ ገመዱ በስብሶ ሲነኩት ፈረሰ። ወታደሮቹ እየሳቁ ተካፈሉ። አባቴም አንድ ወሰደ። በማግስቱ አንዲት ሴት መጥታ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ ስታይ ዋለች። ቋንቋዋን ማንም አያውቅም። አባቴ ሳንቲሙን ሊመልስላት ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር፤ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ብሎ እስኪመሽ ቆየ። ሲመሽ ሴትየዋ ሄዳለች። ሁለተኛ አላያትም።

«ስንጋባ ነው የነገሩኝ» አለች እናቴ። «‹የሰው አደራ ነው› ይሉ ነበር። ‹ማን አደራ አለዎት?› እላቸዋለሁ። ቁልፋቸውን አንስተው ይወጣሉ።»

ያን ቀን ስለ ተቃጠሉት ፎቶዎች አዝኜባት ነበር፤ አልዋሽም። እናቴ ግን ሱቁን ዘግተን ወደ ቤት ስንሄድ ሳልጠይቃት አንዱን ፎቶ ትነግረኝ ጀመር። በረዶ ላይ አምስት ሆነው ቆመዋል። አባቴ ከግራ ሦስተኛው ነው። ጆሮ የሚሸፍን ባርኔጣ አድርጓል። ካፖርቱ ስለሚሰፋው እጁ አይታይም። ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። አባቴ ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ደግሜ ደግሜ አስነገርኳት፤ ከፊልቱ በመጣሁ ቁጥር አንድ ነገር ትጨምራለች። አንድ ቀን ከኋላቸው የሚታየውን ዛፍ፣ ሌላ ቀን የጫማቸውን ማሰሪያ። ከራሷ እየፈጠረች እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ጠይቄ አላቋረጥኳትም። ከብዙ ዓመት በኋላ አባቴ እንደገና የቤታችን ወሬ ሆነ። ብርድ እንዴት ይጠላ እንደነበር፣ ሞቃት አገር መርጦ ቆላ የቀረው በዚያ ብርድ ምክንያት እንደሆነ፣ ለሠርጋቸው አንድ አጎቴ አልሄድም ብሎ በኋላ ሰንጋ ነድቶ እንደመጣ፣ ሁሉንም ያወቅኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀያሹ መንገዱ ሲያልቅ አገሩ ገባ። ከመሄዱ በፊት የአባቴን ታሪክ ነግሬው ነበር። ሰምቶኝ ሲጨርስ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የእሱ አጎት በሌላ ወገን ሆነው እዚያው እንደነበሩ ነገረኝ። ተያየን። ከዚያ የሚበላ ነገር እንዳለ ጠየቀኝና አብረን ሩዝ በፍየል በላን።

አሁን ወደ ነገሌ ተዛውሬያለሁ፤ እናቴ ከእኔ ጋር ናት። ሱቁን ለእህቷ ልጅ ሰጥታለች። ከሰዓት በኋላ በአማርኛ የተተረጎመ የኮሪያ ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ የድሮ ዘመን ነው፣ ሰዎቹ ረጃጅም ቀሚስና ጥቁር ባርኔጣ ይለብሳሉ። ባለፈው አንዲት የፊልሙ ሴት ገበያ ወጥታ ጨርቅ ልትገዛ ከመቀነቷ ሳንቲም የተሰካበት ገመድ ስታወጣ እናቴ ከሶፋው ዘላ ተነሳች።

«ያቺ ናት! ቀዳዳውን ተመልከቺ፣ ያቺ ናት!»

ሳንቲሙን ከመሳቢያው አምጥቼ ሰጠኋት። ከስክሪኑ አጠገብ ይዛ አስተያየችው። ምስሉ ግን ወዲያው ተለወጠ፤ ነጋዴው ጨርቁን ዘርግቶ ዋጋ ተናገረ፣ ሴትየዋም ሳትከራከር ገመዱን ልትፈታ ጀመረች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሻሽ የሸጠች ሴት ናት፤ ይህን መታገሥ አልቻለችም።

«ሂን ቢቲን!» ብላ ጮኸችባት፣ አትግዢ ማለቷ ነው። «ጨርቁ ስስ ነው፤ ባንድ ማጠብ ያልቃል!»

ሴትየዋ ገዛች። እናቴ ሳንቲሙን እንደጨበጠች እየተናደደች ተቀመጠች።